የፍሬን ሸራው ለምን በአንድ በኩል ብቻ አለቀ?

«አንተ ልጅ፣ ያ ድምፅ ተመልሶ መጣ» አለኝ አጎቴ በስልክ። በረዶው አልፎ መጋቢት እየተገባደደ ነበር። አጎቴ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። በስልክ መተግበሪያ የሚጠሩትን ተሳፋሪዎች እያመላለሰ ቤተሰቡን ያስተዳድራል። የ2012 ቶዮታ ካምሪው መኪናም መሥሪያ ቤትም ናት። «ያ ድምፅ» የሚለው ፍሬን ሲረግጥ ከፊት በቀኝ ጎማ በኩል የሚወጣውን ሲጥ የሚል ስለታም ድምፅ ነው። የፊት ሸራዎቹ ከተቀየሩ ገና ሰባት ወር አልሞላቸውም። ከዚያ በፊት የነበሩትም ያለቁት በዚያው ጎማ በኩል ነበር።

የወሰዳት ጋራዥ ሁለቱም የፊት ካሊፐሮች፣ ዲስኮቹና ሸራዎቹ በሙሉ ይቀየሩ አለው። ሂሳቡ ከ1,100 ዶላር በላይ፣ መኪናዋም ሦስት ቀን እዚያው ትቆያለች። አጎቴ ሦስት ቀን ካልነዳ ሦስት ቀን አልሠራም ማለት ነው። የበለጠ ያናደደው ግን ሌላ ነገር ነው። ከሁለት ወር በፊት ዘይት ሲያስቀይር የተሰጠው የምርመራ ወረቀት ላይ፣ ከቀኝ ፊት ጎማ ጎን «9 ሚሊሜትር» ተብሎ በአረንጓዴ ተጽፏል። አዲስ ሸራ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ 3 አካባቢ ሲደርስ ይቀየራል። እና 9 የነበረው በሁለት ወር ውስጥ ወዴት ሄደ?

«አንተ የኮምፒውተር ሰው አይደለህ? የዛሬ መኪና ደግሞ ኮምፒውተር ነው። እስቲ እያት» አለኝ።

እኔም እንደ ኮምፒውተር ሰው ጀመርኩ፤ የመጀመሪያው ስህተቴም እሱ ሆነ። ከ1996 ሞዴል ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ መኪኖች ከመሪው ሥር ኦቢዲ ቱ የሚባል ሶኬት አላቸው። እዚያ ላይ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ ማንበቢያ ሰካሁ። የሞተሩ ዙር፣ የውሃው ሙቀት፣ የኦክስጅን ሴንሰሩ ሁሉም መጣ። ስለ ፍሬን ሸራ ግን አንዲት ቃል የለም። ሊኖርም አይችልም። ያ ሥርዓት በዋነኛነት የተዘረጋው የጭስ ብክለትን ለመቆጣጠር ነው። ይህች ካምሪ ሸራዋ ምን ያህል እንደቀረ የሚለካ ሴንሰር የላትም። ያላት ሸራው ላይ የተጣበቀች ቀጭን የብረት ምላስ ናት፤ ሸራው ሲሳሳ ምላሷ ዲስኩን እየነካች ትጮኻለች። ስለዚህ መኪናዋ ማስጠንቀቂያዋን ሰጥታለች፤ እኔ ነኝ በተሳሳተው ሶኬት ሳዳምጥ የነበርኩት። አንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች የኤሌክትሪክ ሴንሰር አላቸው፤ ግን ብዙ ጊዜ ከፊት በአንድ ጎማ፣ ከኋላ በአንድ ጎማ ብቻ ነው የሚገጠመው። ችግሩ ሴንሰር በሌለው ጎማ ላይ ከሆነ ዳሽቦርዱ ዝም ይላል።

ሁለተኛው መሣሪያዬ በኢንፍራሬድ የሚሠራ የሙቀት መለኪያ ነበር፤ እሱ ጥሩ ጠቆመኝ። ሃያ ደቂቃ ያህል ፍሬን ብዙ ሳልረግጥ ነዳሁና ቆሜ ሁለቱን የፊት ዲስኮች ለካሁ። ግራው 71 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ቀኙ 128። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ እንዲህ ዓይነት መለኪያ በሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ከእውነተኛው ሙቀት ዝቅ አድርጎ ያነባል። ስለዚህ ቁጥሮቹን ለብቻቸው አትመኑ። በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ቦታ ለክታችሁ ልዩነቱን እዩ። ልዩነቱ ቀኙ ፍሬን ሳይረገጥም እየተፋጨ መሆኑን ነገረኝ።

ቅዳሜ መኪናዋን በክሪክ አነሳን፤ የብረት ድጋፍ ከሥሯ አስገባን (በክሪክ ብቻ ቆማ ሥሯ አትግቡ)፣ ጎማውን ፈታሁ። ካሊፐሩን ከፍቼ ሁለቱን ሸራዎች አወጣሁና ካርቶን ውስጥ ወረወርኳቸው። በዚህ መሐል ጎረቤታችን መጡ። ሁላችንም አባባ የምንላቸው ሰው ናቸው፤ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ አካባቢ ብዙ ዓመት መካኒክ ሆነው ሠርተዋል። ካርቶኑን አዩ፣ እኔን አዩ።

«የቱ ነው የውስጡ?»

አላውቅም።

«ልጄ፣ ማስረጃውን አጠፋኸው እኮ» አሉኝ። ከዚያ ሳቅ ብለው ሸራዎቹን ገለበጧቸው። የአንዱ ጀርባ ላይ ክብ የቀለበት ምልክት አለ፤ ፒስተኑ የተጫነው እሱ ነው፣ ስለዚህ የውስጡ ነው። የሌላው ጀርባ ላይ የካሊፐሩ ጣቶች ያረፉባቸው ሁለት ምልክቶች አሉ፤ እሱ የውጩ ነው። ፋይሉ ስሙ ቢጠፋም ይዘቱ ይናገራል እንደማለት ነው።

ከዚያ ለካን። የውጩ ሸራ ከላይ 8.5፣ ከታች 8። የውስጡ ሸራ ከላይ 5፣ ከታች 2። የግራውን ጎማ ስንከፍት ውስጡም ውጩም 8 አካባቢ ሆኖ ተገኘ። የአረንጓዴው ወረቀት ምሥጢርም እዚህ ላይ ተፈታ። ጎማ ሳይፈታ በቸርኬው ቀዳዳ በኩል ሲታይ የሚታየው የውጩ ሸራ ብቻ ነው። የለካው ሰው አልዋሸም። ወረቀቱ ግን ለአንድ ጎማ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ብልሽቱ ያለው ደግሞ በቁጥሮቹ መካከል ነበር።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት ሞርሳን አስቡ። የሞርሳውን ብሎን ከአንድ በኩል ብቻ ነው የምታዞሩት፤ ብረቱ ግን ከሁለቱም በኩል ይጨመቃል። የካምሪዋ የፊት ካሊፐርም እንደዚያው ነው። ፒስተኑ በውስጥ በኩል ብቻ ነው ያለው። የፍሬን ዘይቱ ሲገፋው የውስጡን ሸራ ከዲስኩ ጋር ያጋጥማል። ከዚያ የካሊፐሩ አካል በሁለት ተንሸራታች ፒኖች ላይ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ የውጩንም ሸራ እየጎተተ ያመጣል። እግራችሁን ከፔዳሉ ስታነሱ ፒስተኑን ወደ ኋላ የሚመልሰው ስፕሪንግ አይደለም። ፒስተኑን የከበበው የላስቲክ ማኅተም ሲገፋ ጠመም ብሎ ስለነበር፣ ግፊቱ ሲለቅ ወደ ቅርጹ ሲመለስ ፒስተኑን በጣም ትንሽ ወደ ኋላ ይስበዋል። ያችው ትንሽ ክፍተት ናት ሸራውን ከዲስኩ የምታላቅቀው። ፒኖቹ ካልተንሸራተቱ ያች ክፍተት አትገኝም።

አባባ አንድም ብሎን ሳይነኩ ጥርጣሬያቸውን ከሸራዎቹ አነበቡ። የቀኙ ጎማ ሁለቱም ሸራዎች እኩል አልቀው የግራዎቹ ወፍራም ቢሆኑ ኖሮ፣ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት የፍሬን ዘይት የሚያስተላልፈውን የላስቲክ ቱቦ ነበር። ቱቦው ከውስጥ ሲደፈን ግፊቱ ይገባል እንጂ አይወጣም፣ ያ ደግሞ ሁለቱንም ሸራ ይበላል። የውስጡ ብቻ እኩል ሆኖ ቢያልቅ ፒስተኑ አልመለስ ብሎ ይሆናል። አንዱ ጫፍ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ሆኖ ሰያፍ ካለቀ ግን ካሊፐሩ ቀጥ ብሎ አይንሸራተትም፤ ወይም ሸራው ራሱ መያዣ ብረቱ ውስጥ በዝገት ተጣብቋል። የእኛው የውስጡ ከውጩ የሳሳ፣ እሱም ሰያፍ ነው።

ቢሆንም በግምት አልቆምንም። ፒስተኑን በእጅ ሞርሳ ቀስ ብለን ገፋነው፤ ሳይንገራገጭ ገባ፣ የላስቲክ ሽፋኑም አልተቀደደም። ይህን ስታደርጉ የፍሬን ዘይቱ ማጠራቀሚያ ሞልቶ እንዳይፈስ ክዳኑን ክፈቱና ተመልከቱ። ካሊፐሩንም በቱቦው አታንጠልጥሉት፤ በሽቦ እሰሩት። ከዚያ ፒኖቹ። የላይኛው በሁለት ጣት ሲገፋ ይሄዳል። የታችኛው ንቅንቅ አይልም። በቁልፍ እያጠማዘዝን አሥር ደቂቃ ታግለን አወጣነው።

ጫፉ ላይ ትንሽ የላስቲክ ቀለበት አለች፤ የላይኛው ፒን ላይ የለችም። ሥራዋ ፒኑ እንዳይንቀጫቀጭ ማድረግ ነው። ቀለበቷ አብጣ እንደ ቡሽ ቀዳዳውን ደፍናዋለች፤ ዙሪያዋን ጥቁር የሞተር ግሪስ ይዟታል። ሰባት ወር በፊት ሸራውን የቀየረው ሰው ለፒኖቹ ያገኘውን ግሪስ ቀብቷቸዋል። ተራ ግሪስ ከፔትሮሊየም ነው የሚሠራው። የፍሬን ላስቲክ ደግሞ የፍሬን ዘይትን እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው፤ የፔትሮሊየም ዘይት ሲነካው ግን ይመጠዋል፣ ያብጣል። ለዚህ ቦታ የሚሆነው ለፍሬን ተብሎ የሚሸጥ የሲሊኮን ግሪስ ነው። ጥሩ ዓላማ፣ የተሳሳተ ቱቦ። ስንት ኮድ እንዲህ ሲበላሽ አይቻለሁ!

የቀረው ሥራ ፈጥኖ አለቀ። የፒን ቀዳዳውን አጽድተን አዲስ ፒኖች ከነላስቲካቸው አስገባን። ሸራው የሚቀመጥበትን መያዣ ብረት ዝገት በሽቦ ብሩሽ ፈቀፈቅን፤ ክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው እዚያ አካባቢ ብዙ ጉዳት ያደርሳል። የፍሬን ብናኝ በአየር አይነፋም፤ ወደ ሳንባ የሚገባ ነገር ነውና በፍሬን ማጽጃ ፈሳሽ ታጠበ። የዲስኩን ውፍረት ለካን፤ ዲስኩ ላይ ከተቀረጸው ዝቅተኛ ገደብ በላይ ነበር። አዲስ ሸራ በግራም በቀኝም ገጠምን፤ በአንድ በኩል ብቻ አይቀየርም። መኪናዋን ከማንቀሳቀሳችን በፊት አባባ አጎቴን «ፔዳሉን ደጋግመህ ርገጥ፣ እስኪጠነክር» አሉት። ፒስተኑ ወደ ኋላ ስለተገፋ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ነው፤ ይህን ረስቶ ከጋራዡ የወጣ ሰው ግድግዳ ያገኘዋል። ጠቅላላ ወጪው ከ100 ዶላር በታች ሆነ። በማግስቱ እንደገና ለካሁ፤ የሁለቱ ዲስኮች የሙቀት ልዩነት 4 ዲግሪ ብቻ ነበር።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። እኔ ይህን ብቻዬን አልሠራሁትም፤ እናንተም ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻችሁን አትሥሩት። መለካትና ማንበብ ግን ማንም ይችላል።

ይህ ወሬ ሲወጣ የአጎቴ ሾፌር ጓደኞች የእነሱንም እንድለካላቸው ጠየቁኝ። በአማርኛ የተመን ሉህ አዘጋጀሁ። መጀመሪያ ልክ እንደዚያ አረንጓዴ ወረቀት፣ ለአንድ ጎማ አንድ ቁጥር አድርጌ ጀመርኩና በራሴ አፈርኩ። አሁን ለአንድ ጎማ አራት ቁጥር አለ፦ የውስጥ ላይ፣ የውስጥ ታች፣ የውጭ ላይ፣ የውጭ ታች። ለአንድ መኪና 16። ሉሁ የሚቀላው ሸራው ሲሳሳ ብቻ አይደለም። በውስጥና በውጭ መካከል ከ2 ሚሊሜትር፣ በአንድ ሸራ ሁለት ጫፎች መካከል ከ1 ሚሊሜትር በላይ ልዩነት ሲኖርም ይቀላል። ገደቦቹን የወሰንኳቸው እኔና አባባ ነን።

ሉሁ ግን አንዲት ፕሪየስ አመለጠችው። የመኪናዋ ባለቤት፣ ከሾፌሮቹ አንዷ፣ «የእኔን ምንም አላልከኝም እኮ» ብላ ባትጠይቀኝ ኖሮ አላየውም ነበር። ከኋላ በግራ፣ ውስጥ 3፣ ውጭ 7። በደማቁ መቅላት የነበረበት። ፎርሙላዬ «ውጭ» የሚለውን ይፈልጋል፤ እሷ የጻፈችው «ውጪ» ብላ ነው። ሁለቱም ትክክል ነው፣ ሁላችንም እንደመጣልን እንጽፋለን፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ኋላ»ም «ሗላ» እና «ሁዋላ» ሆኖ ገብቶ አገኘሁት። በችኮላ «ጪ»ን ሁሉ ወደ «ጭ» ቀይር ብዬ አዘዝኩ፤ «ወጪ» የሚለው የዋጋ ዓምድ «ወጭ» ሆነና የሂሳብ ድምሩ ተሰበረ። ያልሆነ ግሪስ የቀባው መካኒክ ትዝ አለኝ። አሁን ሰዎች አይጽፉም፣ ከዝርዝር ይመርጣሉ፤ በመልእክት የሚላክልኝን ደግሞ ቃል በቃል የሚያስተካክል ትንሽ ኮድ አለ፤ ፊደል በፊደል አይነካም።

ፕሪየሷ ራሷ የሚገርም ነገር አላት። ሃይብሪድ ስለሆነች ፍጥነቷን ስትቀንስ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ሞተሯ ነው፤ ኃይሉን ወደ ባትሪ ይመልሳል። ሸራው ብዙ ስለማይረገጥ ለረጅም ጊዜ ወፍራም ሆኖ ይቆያል፤ ፒኖቹ ግን ሳይንቀሳቀሱ ይከርሙና በዝገት ይያዛሉ። ባለቤቷ «የእኔ ፍሬን አያልቅም» እያለች ስትኩራራ የነበረው ለዚህ ነው።

ቅዳሜ እንከፍታታለን። ሸራዎቹን የማስቀምጥበት ካርቶን ላይ «ውስጥ» እና «ውጭ» ብዬ አስቀድሜ ጽፌያለሁ።