የመላሾች ብዛትና የናሙና ታማኝነት

እ.ኤ.አ. በ1936 «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተሰኘው የአሜሪካ መጽሔት የፕሬዚዳንታዊውን ምርጫ ውጤት ለመተንበይ ወደ 10 ሚሊዮን መጠይቅ በትኖ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ፤ ላንደን ያሸንፋሉ ሲልም አስታወቀ። ያሸነፉት ግን ሩዝቬልት ናቸው። አድራሻዎቹ በአብዛኛው የተወሰዱት ከስልክና ከመኪና ባለንብረቶች መዝገብ ስለነበር ድሆች ተገቢውን ድርሻ አላገኙም፤ መልስ የላኩትም ካልላኩት በአመለካከት የተለዩ ነበሩ።

ይህ እኛንም ይመለከታል። ደረሶች ከመድረሳ የሚቀሩበትን ምክንያት የሚያጠና ሰው በቦታው የተገኙትን ብቻ ቢጠይቅ የቀሩትን ድምፅ አይሰማም፤ በዚያ ላይ የተመሠረተ ውሳኔም የሚጎዳው እነዚያኑ ልጆች ነው። ስለዚህ ያቋረጡትን ከሚጨምር ሙሉ መዝገብ በዕጣ ይምረጥ። በዕጣ የተመረጡ 400 ሰዎች ሁሉም ቢመልሱ፣ በ95 በመቶ የእርግጠኝነት ደረጃ የናሙናው ስሕተት ከ5 መቶኛ ነጥብ ገደማ አይበልጥም። ጥያቄውም መልሱን አይጠቁም። «መድረሳ ጠቃሚ አይደለምን?» ተብሎ በኡስታዙ ፊት የተጠየቀ ልጅ «ጠቃሚ ነው» ከማለት ሌላ ምን ይላል? «ባለፈው ወር ስንት ቀን ቀረህ? ለምን?» ማለት ይሻላል።

የሐዲስ ሊቃውንት የዘጋቢዎችን ብዛት ብቻ ሳይሆን ታማኝነታቸውንና የሒፍዛቸውን ጥራት ይመረምሩ ነበር። ቁጥርም ምንጩ ሳይመረመር ማስረጃ አይሆንም።