«ቆንጆ ታሪክ አለኝ» እስከ መቼ?

«እኔ ጋ ያለው ታሪክ ፊልም ቢሆን ጉድ ይባል ነበር!» ይህን ያላለ ወይም ከጓደኛው ያልሰማ የፊልም ወዳጅ ማግኘት ይከብዳል። ታሪኩ ቡና ላይ ይወራል፣ ታክሲ ውስጥ ይወራል፣ በቴሌግራም በድምፅ ተቀርጾ ይላካል። «እስቲ ጽሑፉን አሳየኝ» ሲባል ግን መልሱ ከሁለቱ አንዱ ነው፦ «ገና አልጻፍኩትም» ወይም «እንዳይሰርቁኝ ፈርቼ»።

ሁለቱ መልሶች የተለያዩ ቢመስሉም መድኃኒታቸው አንድ ነው፤ ቁጭ ብሎ መጻፍ። ዘመድም ሆነ ስም የሌለው አዲስ ደራሲ ወደ ፊልሙ ሠፈር ይዞት የሚገባው ሀብት የተጻፈ ገጽ ብቻ ነው። የሚሸጠው እሱን ነው፤ ሕግ የሚጠብቅለትም እሱኑ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ከፍርሃቱ እንጀምር፤ ምክንያቱም ብዙዎችን አስሮ ያስቀመጠው እሱ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፈጠራ ሥራን ይጠብቃል፤ ባዶ ሐሳብን ግን አይጠብቅም። «ከውጭ የመጣች ልጅ ወላጅ እናቷን ስትፈልግ» የሚለው ሐሳብ የማንም አይደለም፤ ነገ አሥር ሰው ሊጽፈው ይችላል። ልጅቷ ማን እንደሆነች፣ መጀመሪያ የምታንኳኳው የማንን በር እንደሆነ፣ በሩን የከፈተው ሰው ምን እንዳላት ስትጽፉት ግን ሥራው የእናንተ ይሆናል።

ጥበቃው የሚጀምረው ሥራው ከተፈጠረበት ጊዜ አንስቶ ነው፤ ለዚህ ብሎ ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። የሚቆየውም በደራሲው ዕድሜ ሙሉና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። ያም ሆኖ ነገሩ ክርክር ውስጥ ከገባ «መቼ ጻፍከው?» መባሉ አይቀርም። ስለዚህ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ማስመዝገብ ጥሩ ማስረጃ ነው። ከዚያ በፊትም ቢሆን እያንዳንዱን ረቂቅ በፒዲኤፍ አድርጋችሁ ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩት፤ ቀኑ ይመዘገባል። ለሰው ስትሰጡም በኢሜይል ይሁን፤ ለማን፣ መቼ፣ የትኛውን ረቂቅ እንደሰጣችሁ ይታወቃል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች አባባል ለፊልም ደራሲ ቁርጥ ያለ የሥራ መመሪያ ነው።

ካሜራው የሚያየውን ብቻ

ከልብ ወለድ ወይም ከፌስቡክ ጽሑፍ የሚመጡ ጀማሪዎች የሚቸገሩበት አንድ ነገር አለ። እንዲህ ብለው ይጽፋሉ፦

«ሰናይት ከባሏ ከተለያየች ወዲህ ሰው ማመን አቅቷታል።»

ዓረፍተ ነገሩ ምንም አይወጣለትም፤ ግን ካሜራ «ማመን ማቃትን» ማንሳት አይችልም። ያው ነገር ለፊልም ሲጻፍ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ውስጥ። የሰናይት ቤት። ማታ። ሰናይት በሩን ትቆልፋለች። መቀርቀሪያውን ትጨምራለች። ወንበር ጎትታ በሩ ላይ ታስደግፋለች። ስልኳ ይጠራል። ስሙን ታየዋለች፤ አታነሳም።»

አሁን ተዋናይዋ የምትሠራው ነገር አገኘች፤ መብራት የሚያበራውም፣ ድምፅ የሚቀርጸውም ሥራውን አወቀ። ስለ ባሏ አንድም ቃል አልተነገረም፤ ተመልካቹ ግን አንድ ነገር እንደደረሰባት ገብቶታል። የጻፋችሁትን እያንዳንዱን መስመር «ይህ ይታያል? ይሰማል?» ብላችሁ ጠይቁት። ካልታየና ካልተሰማ ይሰረዝ ወይም ወደሚታይ ነገር ይቀየር።

ስለ ርዝመትም አንድ ነገር እናንሳ። «አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው» የሚባለው ልማድ የመጣው በእንግሊዝኛ በአንድ ዓይነት ፊደልና መጠን ከሚጻፍ ስክሪፕት ነው። በአማርኛ ፊደል ስትጽፉ ልኬቱ ልክ ላይመጣ ይችላል። የተሻለው ዘዴ ስልካችሁ ላይ ነው፤ የሰዓት መቁጠሪያውን አብርታችሁ ትዕይንቱን ከነንግግሩ ጮክ ብላችሁ ተጫወቱት። የማይነገር ንግግርም እዚያው ይጋለጣል። ማንም እናቱን «ውድ እናቴ ሆይ፣ ከልብ አዝኛለሁ» አይላትም፤ «እማ፣ በቃ ይቅር በይኝ» ነው የሚላት።

በሁለት ትንፋሽ ንገሩኝ

ፕሮዲውሰር 100 ገጽ ከማንበቡ በፊት የሚጠይቀው «ስለምንድን ነው?» ብሎ ነው። መልሱ ሩብ ሰዓት ከፈጀ ጨዋታው አለቀ። በያሬድ ዘለቀ ተጽፎና ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባውን «ላምብ» የተሰኘ ፊልም እንይ። ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው፦ እናቱን ያጣ ልጅ ዘመድ ጋ ይላካል፤ የቀረችው ጓደኛ አንዲት በግ ናት፤ ዘመዶቹ ደግሞ ለበዓል ሊያርዷት ነው።

በቃ! ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈልግ፣ ምን እንደሚያጣ ታወቀ። እናንተም ታሪካችሁን እንዲህ አሳጥሩት፤ ካላጠረ ችግሩ ታሪኩ ጋ ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ገጽ ማጠቃለያ ይዘጋጅ፤ ሙሉ ስክሪፕቱ ደግሞ ተጠናቆ ይጠብቅ። «ከወደዱት እጽፈዋለሁ» ማለት ስም ላላቸው ሰዎች ይሠራ ይሆናል፤ ለጀማሪ አይሠራም።

በጀቱንም አስቡለት

እኛ አገር ብዙው ፊልም የሚሠራው በጠባብ በጀት ነው። የሌሊት የመንገድ ትዕይንት ማለት መብራት፣ ጄኔሬተር፣ ለሠራተኛው ማመላለሻና እራት ማለት ነው። የሠርግ ትዕይንት ማለት መቶ ሰው ማልበስና መመገብ ነው። አዲስ ደራሲ በሦስት ቦታ፣ በአምስት ገጸ ባሕርያት የሚያልቅ ጠንካራ ታሪክ ይዞ ሲመጣ ፕሮዲውሰሩ የመጀመሪያውን ገጽ እንዲገልጥ ምክንያት ይሰጠዋል። ቤት ኪራይ የጨመረባቸው ደባሎች በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚፋጩበት ታሪክ ከጦር ሜዳ ያላነሰ ውጥረት ሊኖረው ይችላል።

በየት በኩል ይገባል?

አንዱ በር አጭር ፊልም ነው። አምስት ደቂቃ ጻፉ፣ ከጓደኞቻችሁ ጋር በስልክ ቅረጹት፣ ዩቲዩብ ላይ ጫኑት። የጻፋችሁት ነገር በሰው አፍ ሲነገር መስማት የሚያስተምረውን የትኛውም መመሪያ አያስተምርም። «ምን ሠርተሃል?» ስትባሉም የምትልኩት ሊንክ ይኖራችኋል።

ሁለተኛው ተከታታይ ድራማ ነው። የቴሌቪዥን ድራማ በየሳምንቱ ገጽ ይበላል፤ ስለዚህ ረዳት ጸሐፊ ይፈልጋል። የሌላ ሰው ገጸ ባሕርያትን ይዞ፣ በቀነ ገደብ፣ በተሰጠ ልክ መጻፍ የቻለ ሰው ሥራ አያጣም። የሬዲዮ ድራማም ንግግር ለመልመድ ጥሩ ቦታ ነው። ሦስተኛው ቀረጻ ቦታ ላይ መገኘት ነው፤ ትዕይንት የሚመዘግብም ሆነ ዕቃ የሚያቀብል ሰው ስክሪፕት እንዴት ተቆርጦ እንደሚጣል በዓይኑ ያያል። መማር ለሚፈልግ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ትምህርት አለ፤ እንደ ብሉ ናይል ያሉ የፊልም ማሠልጠኛዎችም አሉ። ከአገር ውጭ «ሪልነስ» የተባለው ተቋም ለአፍሪካውያን የፊልም ጸሐፊዎች የጽሕፈት ቆይታ ያዘጋጃል።

ከመፈረም በፊት

«አንተ ጻፍ እንጂ ችግር የለም፣ እንተዋወቃለን» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ፈገግ ብላችሁ ውል ጠይቁ። ውሉ ላይ እነዚህ ይኑሩ፦

- ጠቅላላ ክፍያውና መቼ መቼ እንደሚከፈል፤ ስትፈርሙ፣ የመጀመሪያ ረቂቅ ስታስረክቡ፣ ሲጠናቀቅ።
- ስንት ጊዜ በነጻ እንደምታርሙ። ቁጥር ካልተጻፈ እርማት ማብቂያ የለውም።
- ስማችሁ በፊልሙም በፖስተሩም ላይ እንዴት እንደሚጻፍ።
- የሸጣችሁት ለሲኒማ ብቻ ነው ወይስ ለቴሌቪዥንና ለዩቲዩብም?
- ፊልሙ በተባለው ጊዜ ካልተሠራ ጽሑፉ ወደ እናንተ የሚመለስበት ቀን።

ታሪኩ በሕይወት ካለ ሰው የተወሰደ ከሆነም ከባለታሪኩ ጋር መስማማት መቅደም አለበት። በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘው «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 አዲስ አበባ ሊመረቅ በነበረበት ምሽት ከባለታሪኳ ጋር በተነሣ ክርክር በፍርድ ቤት እግድ ቆሟል። ዓለም ያጨበጨበለት ፊልም ገና በአገሩ ሊታይ ሲል ነው ይህ የሆነው።

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል ከተሸለመባቸው ዘርፎች አንዱ ምርጥ የፊልም ጽሑፍ ነው። በአማርኛ የሚነገር ታሪክ በዓለም ትልቅ መድረክ ላይ በጽሑፉ ተመርጧል ማለት ነው። ስለዚህ «የእኛን ታሪክ ማን ያይልናል?» የሚለው ሰበብ አይሠራም።

ለዚህ ሳምንት የቤት ሥራው ቀላል ነው። የስልካችሁን ማስታወሻ ክፈቱና ያን ለስንት ሰው ያወራችሁትን ታሪክ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስፍሩት። ከዚያ የመጀመሪያውን ትዕይንት ጻፉ። ቀኑን ከላይ ማስፈር እንዳትረሱ።