ሳይቃጠል በቅጠል፤ የኮምፒዩተር ማራገቢያ ሲጮኽ

ከመሣሪያ ጋር የሚኖር ሰው ጆሮውን ከዓይኑ ባላነሰ ማሠልጠን እንደሚገባው የታወቀ ነው። ልምድ ያለው ሾፌር የሞተሩ ድምፅ በተለወጠ ጊዜ ኮፈኑን ሳይከፍት ችግሩ ከወዴት እንደሆነ ይገምታል፤ ልምድ ያላት ልብስ ሰፊም የስፌት መኪናዋ ዘይት እንደጠማው ከድምፁ ትረዳለች። ዛሬ በየጦር ሠፈሩ ጽሕፈት ቤትና በየሠራዊቱ አባላት መኖሪያ የሚገኘው የጠረጴዛ ኮምፒዩተርም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። እርሱም ችግር በገጠመው ጊዜ ይናገራል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረውም በማራገቢያው፣ በተለምዶ ፋን በምንለው ክፍሉ አማካይነት ነው።

ይህን ርእስ ለቤተሰብ ዓምዳችን የመረጥነው፣ ጉዳዩ ትንሽ መስሎ ቢታይም የሚያስከትለው ጉዳት ትንሽ ባለመሆኑ ነው። አንድ ቤተሰብ ከወር ደመወዙ ቆጥቦ የገዛው ኮምፒዩተር የብረትና የፕላስቲክ ክምችት ብቻ አይደለም። ለፈተና የሚዘጋጅ ልጅ ማስታወሻ፣ በማታ ትምህርት ቤት የምትማር እናት ጽሑፍ፣ በሩቅ ግዳጅ ላይ የሚገኝ አባት የላካቸው ፎቶግራፎች በውስጡ ተቀምጠዋል። ታዲያ ማራገቢያው መጮኽ በጀመረ ጊዜ ሁለት የተሳሳቱ እርምጃዎች ሲወሰዱ ይታያል። አንደኛው «ልማዱ ነው» ብሎ መተው ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ በማለት ማራገቢያውን ነቅሎ ማቆም ነው። የመጀመሪያው መልእክቱን አለመስማት ነው፤ የኋለኛው ግን መልእክተኛውን መግደል ነው። ትክክለኛው መንገድ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ይኸውም አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዳሉት፣ የጩኸቱን ምክንያት ከሥሩ መርምሮ ማግኘት ነው።

ማራገቢያው ለምን አስፈለገ?

ፕሮሰሰር የኮምፒዩተሩ የስሌት ማእከል ነው። የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል ከሞላ ጎደል በሙሉ በመጨረሻ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ኢንቴል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው 8086 የተሰኘው ፕሮሰሰር ከ3 ዋት ያልበለጠ ኃይል ይወስድ ስለነበረ ማራገቢያ አላስፈለገውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 የመጀመሪያው ፔንቲየም በወጣ ጊዜ ግን መጠኑ ወደ 15 ዋት አካባቢ በማደጉ፣ በፕሮሰሰር ላይ ማራገቢያ መትከል እየተለመደ መጣ። በዛሬው ጊዜ በብዙ የቢሮ ኮምፒዩተሮች ውስጥ የሚገኙት ፕሮሰሰሮች 65 ዋት የሚል መለኪያ የተሰጣቸው ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኮር አይ 9 13900ኬ ደግሞ በከባድ ሥራ ላይ እስከ 253 ዋት ይወስዳል።

ባለ 60 ዋት የቀድሞው አምፖል በርቶ ሳለ በጣት እንደማይነካ ሁላችንም እናውቃለን። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ግን ይህንኑ ያህል ሙቀት የሚወጣው ከአውራ ጣት ጥፍር ስፋት ብዙም ከማይበልጥ ቦታ ነው። ይህ ሙቀት በፍጥነት መወገድ ስላለበት፣ ከፕሮሰሰሩ ጀርባ ተርማል ፔስት በሚባለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት በኩል ወደ ሽንሽን ብረት ይተላለፋል፤ ማራገቢያውም በሽንሽኑ መካከል አየር እያሳለፈ ሙቀቱን ያወጣዋል። አሠራሩ ከመኪና ራዲያተር የተለየ አይደለም። ከእነዚህ አንዱ ሲሰናከል ፕሮሰሰሩ ይግላል። በአብዛኞቹ ፕሮሰሰሮች ዘንድ የመጨረሻው የሙቀት ወሰን ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ እዚያ ሲደርስ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ከዚያም ካለፈ ኮምፒዩተሩ ያለማስጠንቀቂያ ይጠፋል። ያልተቀመጠ ጽሑፍ የሚጠፋው በዚህ ጊዜ ነው።

የሚጮኸው የትኛው ነው?

ምርመራ የሚጀምረው ቦታን በመለየት ነው። በአንድ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ውስጥ የፕሮሰሰሩ፣ የሳጥኑ፣ የኃይል ማከፋፈያው፣ አንዳንድ ጊዜም የምስል ካርዱ ማራገቢያዎች በአንድነት ይሠራሉ። የቀድሞው ዓይነት ሃርድ ዲስክም በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር በመሆኑ የራሱ ድምፅ አለው። በመሆኑም የጎን ክዳኑን ከፍቶ፣ ወፍራም ወረቀት እንደ ቱቦ ጠቅልሎ አንዱን ጫፍ ጆሮ ላይ፣ ሌላውን ወደ እያንዳንዱ ክፍል በማቅረብ ማዳመጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ወረቀቱም ሆነ ጣት የሚሽከረከረውን ክንፍ እንዳይነካ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በዚህ ያልተለየ እንደሆነ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ የሳጥኑን ማራገቢያ ገመድ መንቀል፣ ከዚያም ለአንድ ደቂቃ ያህል አስነሥቶ ማዳመጥ ነው። የፕሮሰሰሩን ማራገቢያ ነቅሎ ማስነሣት ግን ፈጽሞ ተገቢ አይደለም። የኃይል ማከፋፈያውን ሳጥንም መክፈት ክልክል ነው፤ ገመዱ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም እንኳ በውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያልና።

ድምፁ ምን ይላል?

ጩኸት ሁሉ አንድ አይደለም። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ለጥቂት ሴኮንዶች በኃይል ተሰምቶ የሚበርድ የንፋስ ድምፅ የጤና ነው። ከዚህ ውጭ የሚሰሙትን ግን በአራት ከፍሎ መመልከት ይጠቅማል።

አንደኛ፤ ሳያቋርጥ የሚሰማ ጠንካራ የንፋስ ድምፅ ከሆነ፣ ማራገቢያው ራሱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሙቀቱ ስለበዛበት በሙሉ ኃይሉ እየሠራ መሆኑን ያመለክታል። ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ሽንሽኑን የዘጋው አቧራ ነው።

ሁለተኛ፤ እንደ ሰዓት «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ከሆነ፣ አንድ ገመድ ክንፉን እየነካ ነው። ገመዱን ሰብስቦ በፕላስቲክ ማሰሪያ ማሰር ብቻ ይበቃል።

ሦስተኛ፤ የሚንቀጠቀጥና የሚያንኳኳ ድምፅ የሳጥኑን ጎን በእጅ ሲጫኑት የሚቆም ከሆነ፣ የላላ ብሎን አለ ማለት ነው። ከኢንቴል ፕሮሰሰር ጋር የሚመጣው ማራገቢያ በአራት የፕላስቲክ ችንካሮች የሚያዝ በመሆኑ፣ ከአራቱ አንዱ በሚገባ ሳይገባ ቀርቶ እንደሆነም መመልከት ያሻል፤ የላላ ችንካር ድምፅ ብቻ ሳይሆን ሙቀትም ያመጣልና።

አራተኛ፤ የሚፈጭ ወይም የሚያፋጭ ድምፅ፣ በተለይ ጧት ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ብሶ ከሞቀ በኋላ የሚቀንስ ከሆነ፣ የማራገቢያው ኩሽኔታ ደርቋል ወይም አልቋል።

ጽዳቱ እንዴት ይከናወን?

ጦር መሣሪያውን ፈትቶ የሚያጸዳ ወታደር ይህን ሥራ አይቸገርበትም። በመጀመሪያ ኮምፒዩተሩን በሥርዓቱ ማጥፋት፣ ገመዱን ከሶኬት መንቀል፣ የማስነሻ ቁልፉንም ለጥቂት ሴኮንድ ተጭኖ በውስጡ የቀረውን ኃይል ማስወጣት ይገባል። ቀጥሎም በእጅ ላይ ያለው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ማዘርቦርዱን እንዳይጎዳ ያልተቀባውን የሳጥኑን ብረት መንካት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ሳጥኑን ወደ ውጭ አውጥቶ፣ የማራገቢያውን ክንፍ በአንድ ጣት ይዞ፣ በደረቅና ለስላሳ የቀለም ብሩሽ አቧራውን ከክንፉና ከሽንሽኑ መካከል ማራገፍ ነው። ክንፉን መያዝ ያስፈለገበት ምክንያት፣ በንፋስ መንፊያ ሲነፋ ከመጠን በላይ ተሽከርክሮ ኩሽኔታው እንዳይጎዳ ነው። በአፍ መንፋት ምራቅ ስለሚረጭ፣ እርጥብ ጨርቅም ዝገት ስለሚያመጣ ሁለቱም አይመከሩም። አቧራው ከላይ ብቻ ተነሥቶ በማራገቢያውና በሽንሽኑ መካከል እንደ ምንጣፍ የተነጠፈው ከቀረ ግን ሥራው አልተሠራም።

ኩሽኔታው ደርቆ ከሆነና ዓይነቱ ያለ ብይ የሚሠራው ተራ ዓይነት ከሆነ፣ በመካከሉ ያለውን ተለጣፊ ወረቀት አንሥቶ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ማድረግ ለጊዜው ያረጋጋዋል። የምግብ ዘይት ግን ሲቆይ ስለሚሙጫ ጨርሶ ያበላሸዋል። ባለ ብይ ኩሽኔታ መፍጨት ከጀመረ በዘይት የሚመለስበት ጊዜ ጥቂት ስለሆነ መለወጡ ይሻላል። ሲለወጥም የስፋቱን ልክ፣ ማለትም 80፣ 92 ወይም 120 ሚሊ ሜትር መሆኑን፣ እንዲሁም የገመዶቹን ቁጥር አይቶ መግዛት ነው። በአጭሩ፣ የማራገቢያ መበላሸት ኮምፒዩተሩን በሙሉ ለመለወጥ ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ እንዲህ የሚል ጠጋኝ ካጋጠመ ሌላ መጠየቅ ብልህነት ነው።

ጽዳቱ ተደርጎ ሙቀቱ ካልቀነሰ የተርማል ፔስቱ መድረቅ ይጠረጠራል። በዚህ ጊዜ ሽንሽን ብረቱን አንሥቶ፣ አሮጌውን ቅባት ንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል በነካ ጨርቅ ጠርጎ፣ አልኮሉ እስኪደርቅ ጠብቆ፣ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ቅባት በፕሮሰሰሩ መካከል ማድረግ ነው። ኤኤም4 የሚባለውን የኤኤምዲ ፕሮሰሰር መቀመጫ በያዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ግን የደረቀው ቅባት ፕሮሰሰሩን ከመቀመጫው ነቅሎ ሊያወጣው ስለሚችል፣ አስቀድሞ ኮምፒዩተሩን አሠርቶ ማሞቅና ካጠፉ በኋላ ቀስ ብሎ እያዞሩ ማንሣት ያስፈልጋል።

ንጹሕ ሆኖም ቢጮኽ

አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ ከብረቱ ሳይሆን ከሥራው ጭነት ይሆናል። በዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀር የሚባለውን ገጽ ከፍቶ፣ ማንም ሳይጠቀምበት ፕሮሰሰሩን የሚያደክም ፕሮግራም መኖር አለመኖሩን ማየት ይቻላል። ሥራ በሌለበት ሰዓት የፕሮሰሰሩ አጠቃቀም ከፍ ብሎ ከቀረ፣ ጩኸቱ የማራገቢያው ሳይሆን የዚያ ፕሮግራም ነው።

የሠፈሩበት ቦታም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ የአየሩ ክብደት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ አንድ ማራገቢያ ያንኑ ሙቀት ለማውጣት በደጋ ላይ ይበልጥ መሽከርከር ይኖርበታል። እንደ ሰመራ ባለው ቆላ ደግሞ አየሩ ባይሳሳም ሞቃት ነው፤ የክፍሉ ሙቀት በ15 ዲግሪ ከፍ ቢል የፕሮሰሰሩም ሙቀት ወደዚያው መጠን ከፍ ይላል። ከደጋ ወደ ቆላ የተዛወረ ቤተሰብ ኮምፒዩተሩ ከቀድሞው ይልቅ ቢጮኽ ሊደነቅ አይገባውም፤ የሚጠበቅበት በጽዳቱ ላይ መትጋት ነው።

መልእክተኛውን አለማፈን

የዛሬው የፕሮሰሰር ማራገቢያ በአብዛኛው አራት ገመዶች አሉት። ሁለቱ የ12 ቮልት ኃይል የሚያመጡለት ናቸው፤ ሦስተኛው ፍጥነቱን ለማዘርቦርዱ ሪፖርት ያደርጋል፤ በአራተኛው ደግሞ የፍጥነት ትእዛዝ ይቀበላል። ሪፖርቱ በተቋረጠ ጊዜ ብዙ ኮምፒዩተሮች ሲነሡ «ሲፒዩ ፋን ኤረር» የሚል ማስጠንቀቂያ ያሳያሉ። ባዮስ በሚባለው የማስተካከያ ገጽ ገብቶ ይህ ማስጠንቀቂያ እንዲዘለል ማዘዝ ይቻላል፤ ፍጥነቱንም ዝቅ አድርጎ ድምፁን መቀነስ ይቻላል። ሙቀቱ ተለክቶ፣ በከባድ ሥራ ላይም ከ80 ዲግሪ በታች መሆኑ ከታወቀ በኋላ ፍጥነቱን በመጠኑ ዝቅ ማድረግ ነውር የለውም። ሙቀቱን ሳያውቁ ድምፁን ብቻ ማጥፋት ግን ዘበኛው አስቸገረ ብሎ ከጥበቃ ቦታው እንደማንሣት ይቆጠራል። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ ይገኝ ይሆናል፤ የነገው ንብረት ግን ዋስትና የለውም።

ቤተሰቡ ምን ያድርግ?

ከጥገናው ይልቅ ጥንቃቄው የቤተሰቡ የጋራ ሥራ ነው። ኮምፒዩተሩን ከወለል ላይ አንሥቶ ጠረጴዛ ላይ ማኖር፣ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ስንዝር ማራቅ፣ ቤት ሲጠረግም ማጥፋት ያስፈልጋል። የዕጣንና የከሰል ጭስ፣ የወጥ ቤትም የዘይት ተን አቧራውን እንደ ሙጫ ስለሚያጣብቁት፣ ቡና የሚፈላበት ቦታ ከኮምፒዩተሩ ራቅ ቢል መልካም ነው። እናቶች ለቤታቸው ጌጥ የሚሠሩት ያማረ ዳንቴልም በሚሠራ ኮምፒዩተር ላይ የተጣለ እንደሆነ የአየር መግቢያውን ይዘጋል፤ ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ ማልበስ፣ ሲበራ መግፈፍ ይገባል። አቧራ በሚበዛበት ሠፈር በየሦስት ወሩ፣ በሌላው በየስድስት ወሩ ማጽዳትን ልማድ ማድረግ ይጠቅማል። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ በአባቱ ወይም በእናቱ ፊት ካቻቪቴና ብሩሽ ይዞ ቢሠራው፣ ንብረት መጠበቅንም አብሮ ይማራል።

ከሁሉ በላይ ግን ጩኸቱ እንደተሰማ፣ ክዳኑ ሳይከፈት በፊት፣ ፎቶግራፎቹንና ጽሑፎቹን በፍላሽ ወይም በሌላ ዲስክ መገልበጥ ይቅደም። ማራገቢያ በጥቂት ገንዘብ ይለወጣል፤ ፕሮሰሰርም በብዙ ገንዘብ ይለወጣል። ከሩቅ ግዳጅ የተላከ ፎቶግራፍ ግን ከጠፋ በምንም ገንዘብ አይተካም።