ስግደት ከቀዶ ሕክምና በኋላ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሰሙነ ሕማማት ሲቃረብ፣ በቅርቡ የሆድ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ምእመናን «ቁስሌ ድኗል፤ መስገድ እችላለሁን?» ብለው ይጠይቁናል።

ቁስሉ ከላይ መድረቁ ያታልላል። የቆዳው ስፌት ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት ይወጣል። ከሥሩ ሆድን አጥብቆ የሚይዘው ሽፋን ግን እስኪጸና ሳምንታት፣ ይበልጥ እስኪበረታም ወራት ይፈጃል። በስግደት ወድቀን ስንነሣ የሆድ ጡንቻ ይወጠራል፣ በውስጡም ግፊት ይጨምራል። ይህ 41 ጊዜ ሲደጋገም ያልጸናው ሥፍራ ሊላላ፣ አንጀትም በዚያ ገፍቶ ሊወጣ ይችላል፤ ሐኪሞች ሄርኒያ የሚሉት ነው። መዳኛውም ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊሆን ነው።

ስለዚህ ተኝተን እንክረም አንልም። ብዙ መተኛት በእግር ውስጥ ደም እንዲረጋ፣ ሳንባም እንዲታመም ያደርጋል። ሐኪም በፈቀደው መጠን በቤት ውስጥ ጥቂት በጥቂት መራመድ፣ ርቀቱንም በየቀኑ መጨመር ይገባል። በማግሥቱ ሕመሙ ከበረታ ትናንት አብዝተናልና እንቀንስ። ትኩሳት፣ መግል ወይም አዲስ እብጠት ከታየ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ለስግደቱም ቤተ ክርስቲያናችን ደረጃ አላት፤ ራስን ዝቅ ማድረግ (አድንኖ)፣ መንበርከክ (አስተብርኮ)፣ ግንባርን ምድር ማስነካት (ሰጊድ)። ታማሚው በመቋሚያ ተደግፎ ወይም ተቀምጦ በአድንኖ ይጀምር፤ ሐኪሙ ሲፈቅድለት ወደ አስተብርኮ፣ በመጨረሻም ወደ ሰጊድ ይለፍ። ቅዱስ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲወስድ መምከሩን እያነበብን፣ ለታመመ አካል መራራትን እንደ ስንፍና መቁጠራችን ያስገርማል።

በቀዶ ሕክምና የወለዱ እናቶችን በተለይ እናሳስባለን። የ40 እና የ80 ቀኑ ሥርዓት የቁስልን መዳን ለመለካት የተሠራ አይደለም፤ ክርስትናው ደረሰ ተብሎ እናቲቱ ድስትና እንስራ ታንሣ አይባልም። 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ሐኪሞች ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሕፃኑ የሚከብድ ነገር እንዳታነሣ ይመክራሉ።

በዕለተ ስቅለት ካህኑ በወይራ ቅጠል ጠብጥበው የስግደት ቁጥር ከማዘዛቸው በፊት ቀዶ ሕክምናው መቼ እንደተደረገ ይነገራቸው። ለንስሐ አባትም እንዲሁ ነው፤ ስግደቱን በመዝሙረ ዳዊት ወይም በምጽዋት ሊለውጡት ይችላሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።