የባለ ወይኑን ወራት አስቀድሞ ስለ መጠየቅ

እንግዳን ከላሊበላ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት እስከ መቄት ገደል አፋፍ እየመራሁ የምኖር የፍላቂት ተወላጅ ነኝና፣ ሰው የሌላውን ሀገር ሥራና ሥርዓት ለማየት ከቤቱ ሲነሣ አስቀድሞ ምን ሊያሰናዳ እንደሚገባው ማሰብ የሙያዬ ግዴታ ሆኗል። ከኮሮና ወረርሽኝና ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ ላሊበላ ወዳለበት ወደ ላስታ የሚመጣው እንግዳ ቍጥሩ ቢያንስም፣ በአዲስ አበባና በአውሮጳ ያሉ ወገኖቻችን በፈንታው ስለ ራሳቸው ጉዞ ምክር ይጠይቁኛል፤ ከጥያቄዎቻቸውም አንዱ፣ ከፈረንሳይ ስመ ጥር የወይን ጠጅ ቤቶች አንዱን ለመጎብኘት እንዴት መሰናዳት ይገባል የሚለው ነው። ጠያቂው ሁሉ የሚጀምረው ከራሱ የዕረፍት ቀን፣ ከአውሮፕላኑ ዋጋና ከቤቱ ዝና ሲሆን፣ እኔ ግን የጉብኝት ቀን የሚቆረጠው በጎብኚው ዕረፍት ሳይሆን በባለቤቱ ሥራ ነው ብዬ እመልሳለሁ።

ይህን ያስተማረኝ የትውልድ ወረዳዬ መቄት ነው። በመቋት ማርያምና በዋጀላ፣ ተስፋ በተባለው የማኅበረ ሰብ ቱሪዝም ድርጅት ረዳትነት ተሠርተው ገበሬው ራሱ የሚያስተዳድራቸው የእንግዳ ጎጆዎች አሉ። እንግዳው ከመድረሱ በፊት ውሃ ሊቀዳ፣ እንጀራ ሊጋገር፣ ጓዝ የሚጭን አህያ ሊዘጋጅ ይገባልና፣ ቀኑ ያልተነገረ እንግዳ በኅዳር አጨዳ ወይም በውቂያ መካከል ድንገት ቢደርስ፣ የቤቱ ባለቤት ከእህሉና ከእንግዳው አንዱን ለመተው ይገደዳል። የሀገራችን ሰው እንግዳ መመለስን እንደ ነውር ስለሚቈጥረው እህሉን በሜዳ ትቶ በፈገግታ ይቀበላል፤ እንግዳውም ስለ ፈገግታው አመስግኖ ይሄዳል እንጂ ያ ቀን ለባለቤቱ ምን ያህል እንዳስከፈለው ፈጽሞ አያውቅም። እንግዲህ የአስጎብኚ ሙያ ዋናው ቁም ነገር፣ ይህ የማይነገረው ዋጋ እንዳይከፈል አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

የወይን ገበሬም እንደዚሁ በወራት የታሰረ ሰው ነው። በቦርዶ አውራጃ ሐረገ ወይኑ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ብርዳማ ወቅት ይገረዛል፤ ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ያቈጠቍጣል፤ በግንቦት መጨረሻ ያብባል፤ በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ ዘለላው ቀለሙን ይለውጣል፤ በመስከረምም ይለቀማል። የለቀማው ሰሞን ለዓይን ደስ የሚል በመሆኑ ጎብኚ ሁሉ ያን ጊዜ ይመኛል፤ ነገር ግን የዓመቱ ድካም በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚድንበት ወይም የሚጠፋበት ሰዓት እርሱ ነውና፣ ብዙዎቹ ቤቶች በዚያ ሰሞን በራቸውን ይዘጋሉ ወይም ያጠባሉ። እንዲሁም በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ መጀመሪያ የዓለም ነጋዴዎች ገና በበርሜል ያለውን ወይን ጠጅ ለመቅመስ ወደ ቦርዶ ስለሚጎርፉ ተራው ጎብኚ ቦታ አያገኝም። ስለዚህ እኔ የምመክረው ግንቦትና ሰኔን ወይም ለቀማው አልፎ አዲሱ ጠጅ ከጋን ወደ በርሜል የሚገባበትን የኅዳርን ወር ነው፤ በዚያን ጊዜ ባለሙያው ለመናገር ፋታ አለው፤ ጎብኚውም 225 ሊትር በሚይዙት የባሉጥ እንጨት በርሜሎች ውስጥ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩልና ከዚያም በላይ የሚቀመጠውን ጠጅ ረጋ ብሎ ሊያይ ይችላል።

ከቦርዶ ቦታዎች ሁሉ አንዱን ምረጥ ብባል፣ ለላስታ ሰው ሳንት ኤሚልዮንን እመርጣለሁ። ከተማዪቱ ስሟን ያገኘችው በ8ኛው መቶ ዓመት ከብሪታኒ መጥቶ በዚያ በዋሻ ከኖረው ባሕታዊ ከኤሚልዮን ሲሆን፣ ከዋሻው አጠገብ በ12ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከኖራ ድንጋይ ኮረብታ ውስጥ የተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን 38 ሜትር ርዝመትና 12 ሜትር ከፍታ አለው። ቅዱስ ላሊበላ በሮሐ ያሳነጸው ቤተ መድኃኔ ዓለም በአራቱም ማዕዘን ከተራራው ተለይቶ ሲቆም፣ የሳንት ኤሚልዮኑ ግን በተራራው ሆድ ውስጥ እንዳለ የቀረ ነው፤ ይሁን እንጂ ሁለቱ ሕዝቦች ሳይተዋወቁ፣ በጣም በማይራራቅ ዘመን፣ ድንጋይን ወደ ውስጥ በመቅረጽ ለእግዚአብሔር ቤት መሥራታቸው ልብ ያለውን ሰው ያስደንቃል። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገቡ፣ የሳንት ኤሚልዮን የወይን ምድር ከነከተማው እ.ኤ.አ. በ1999 ገብቷል። ከዚያ ምድር ለሕንጻ የሚሆን ድንጋይ ሲወጣ የቀሩት ዋሻዎችም ቅዝቃዜያቸው ክረምት ከበጋ ስለማይለዋወጥ ዛሬ የወይን ጠጅ ማቆያ ሆነው ያገለግላሉ፤ የወይን ቤቱ ምድር ቤት ራሱ የጠራቢዎችን የእጅ ሥራ ለሚያውቅ የላስታ ሰው የሚናገረው አለ።

ስለ ዝናና ማዕረግ የሚጨነቅ ጠያቂ ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ። በዚያው በቦርዶ አውራጃ ያሉት የሜዶክ ቤቶች ማዕረግ በናፖሌዎን ሦስተኛ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1855 ተደንግጎ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ሙቶን ሮትሽልድ የተባለው ቤት ወደ አንደኛው ደረጃ ከወጣበት በቀር ሳይለወጥ ይኖራል ማለት ይቻላል፤ የሳንት ኤሚልዮን ግን እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ በየዐሥር ዓመቱ ግድም እንደገና ይመረመራል። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው መዝገብ 85 ቤቶች ሲገኙበት፣ ኦዞን፣ ሸቫል ብላንና አንዠሉስ የተባሉት ከሁሉ የላቁ ቤቶች በገዛ ፈቃዳቸው ከምርመራው ወጥተዋል። ማዕረግ የሌለው ቤት ሁሉ ያነሰ አይደለምና፣ በአንድ ቀን አንድ ታላቅ ቤትና አንድ ትንሽ የቤተ ሰብ ቤት ማየት ይበቃል፤ ከሁለት በላይ የሚያይ ሰው ሦስተኛውን በምላሱም በልቡም አይቀበለውም።

ቀጠሮ የሚጠየቅበት ደብዳቤ አጻጻፍም ጥንቃቄ ይሻል። ብዙዎቹ ታላላቅ ቤቶች ያለ ቀጠሮ ስለማይቀበሉ፣ ከሳምንታት፣ ከተቻለም ከወራት አስቀድሞ መጻፍ፣ የሰዎቹን ቍጥርና የሚናገሩትን ቋንቋ መግለጽ ያስፈልጋል። የእኛ ሰው በተለይ ሊጠነቀቅበት የሚገባው የዘመንና የሰዓት አቈጣጠር ነው፤ ቀኑን በእነርሱ አቈጣጠር ጽፎ ሰዓቱን በልማዱ «አራት ሰዓት» ያለ ሰው፣ ባለ ወይኑ ከቀትር በኋላ ሲጠብቀው እርሱ ስድስት ሰዓት ያህል ቀድሞ በጠዋት በሩን ያንኳኳል። ጾመኛ የሆነ ደግሞ ከቅምሻው ጋር አይብ መቅረቡ የተለመደ ስለ ሆነ ረቡዕና ዐርብን ትቶ ቀን ይቍረጥ፤ በቦርዶ ቀይ ጠጅን ለማጥራት የእንቁላል ነጭ መጠቀም የቆየ ልማድ በመሆኑም፣ ሕሊናው የሚጠይቀው ሰው ቤቱን አስቀድሞ ቢጠይቅ አያፍርም። በቅምሻ ጊዜ የቀመሱትን በተዘጋጀው ዕቃ መትፋት በእነርሱ ዘንድ ንቀት አይደለም፤ ባለሙያዎቹ ራሳቸው የሚያደርጉት ነው። መኪና የሚነዳው ግን የማይቀምስ ሰው ይሁን፤ ወይም ከቦርዶ እስከ ከተማዪቱ በሚደርሰው ባቡር ይኬድ።

ወደ ፈረንሳይ ለመሄድ ያልቻለ ሰው ይህንኑ ሥርዓት በሀገሩ ሊፈጽመው ይችላል። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በባቱ፣ በቀድሞ ስሟ በዝዋይ፣ መነሻው ቦርዶ የሆነው ካስቴል ድርጅት ከፈረንሳይ ያስመጣውን የወይን ተክል በስምጥ ሸለቆ አፈር ተክሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሪፍት ቫሊና አካሽያ የተባሉትን ጠጆች ለገበያ አውጥቷል። ሜርሎና ካበርኔ ሶቪኞ፣ ሲራና ሻርዶኔ በፈረንሳይ ብርድ ተኝተው በሚያርፉበት ወራት፣ በባቱ ፀሐይ እንዴት ዕረፍት እንደሚያገኙና ግረዛቸው መቼ እንደሚሆን ባለሙያውን መጠየቅ ብቻውን ጉዞውን የሚያስመኝ ነው። እዚያም ቢሆን አስቀድሞ ጽፎ ፈቃድና ቀን መጠየቅ ይገባል፤ የሀገር ልጅነት ከዚህ ግዴታ ነፃ አያወጣም።

በደጋችን ወይን ባይበቅልም የወይን ትርጓሜ ለላስታ ሰው እንግዳ አይደለም። ዲያቆኑ ሌሊት በቤተ ልሔም ዘቢቡን በውሃ አርሶ ጨምቆ ለቅዳሴው ሲያዘጋጅ፣ ጥር 12 ቀንም ሕዝቡ የቃና ዘገሊላን ተአምር በዝማሬ ሲያከብር፣ በዚያው ሰሞን የፈረንሳይ ወይን ገበሬዎች ጠባቂያችን የሚሉትን ቅዱስ ቪንሰንትን ያከብራሉ። ይህን የሚያውቅ ጎብኚ የቤቱን ባለቤት ስለ ጠርሙሱ ዋጋ ሳይሆን ስለ ግረዛው፣ ስለ ውርጩ፣ በዚያ ዓመት ስለ ደረሰበት ስጋት ይጠይቃል፤ ባለሙያም እንዲህ ላለው ጠያቂ ልቡን እንደሚከፍት ከላሊበላ ካህናት ጋር በኖርሁበት ዘመን ሁሉ አይቻለሁ።

ስለዚህ ለምክር የሚጽፉልኝን ወገኖቼን የምለምናቸው፣ ለፈረንሳዩ ባለ ወይን ያሳዩትን ጥንቃቄ ለመቄቱ ገብስ አጫጅም እንዳይነፍጉት ነው። የሳንት ኤሚልዮንን ለቀማ ላለማወክ ዕረፍቱን ከወር ወደ ወር ያሸጋገረ ሰው፣ ወደ ትውልድ ሀገሩ ሲመጣ ግን «ወገን ነኝ» ብሎ ያለ ቀጠሮ በአጨዳ መካከል ቢገባ፣ አክብሮቱን ለሩቁ ሰጥቶ ከቅርቡ ነፈገ ማለት ነው። ለሁለቱም የሚጻፈው ደብዳቤ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይጀመር፤ እርሱም «ከሥራችሁ ሳናስተጓጕላችሁ መቼ ብንመጣ ይሻላል?» የሚለው ነው።