ተኝቷል የተባለው ቫይረስ

እ.ኤ.አ. በ1964 ዲትሮይት ላይ ጀሮም ሆርዊትዝ የሚባል ኬሚስት ለካንሰር ይሆናል ብሎ አንድ ውህድ ሠራ። አልሆነም፤ ተጥሎ ቀረ። በ1985 ግን በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ሂሮአኪ ሚትሱያ ይኸንኑ ውህድ በኤች አይ ቪ ላይ ሲሞክረው የቫይረሱን መራባት ገታው። ኤ ዜ ቲ የምንለው መድኃኒት ይህ ነው።

በ1986 ከ282 ሕሙማን ግማሽ ያህሉ መድኃኒቱን፣ የቀሩት መድኃኒት የሌለበት እንክብል እንዲወስዱ ተደረገ። መስከረም ላይ ሲቆጠር እንክብሉን ብቻ ከወሰዱት 19፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 1 ሰው ሞቶ ነበር። ሙከራው ወዲያው ተቋርጦ መድኃኒቱ ለሁሉም ተሰጠ።

ደስታው አልዘለቀም። ሕሙማኑ ለወራት አገግመው እንደገና መውደቅ ጀመሩ፤ ቫይረሱ መድኃኒቱን ለምዶት ነበር። በ1993 የኮንኮርድ ጥናት ደግሞ ገና ላልታመሙ ኤ ዜ ቲን ቀድሞ መስጠት ዕድሜ እንዳላራዘመ አሳየ።

ለምን? ቫይረሱ በደም ውስጥ ለዓመታት ይተኛል የሚል እምነት ነበር። ኒው ዮርክ ውስጥ ዴቪድ ሆ ለ20 ሕሙማን አዲስ ዓይነት መድኃኒት ሰጥቶ ደማቸውን በየጊዜው እየቀዳ ቫይረሱን ቆጠረ፤ ውጤቱን በ1995 አሳተመ። አላባማ ላይ ጆርጅ ሾውም ተመሳሳይ ሥራ ይዞ ነበር። ቁጥሩ በየሁለት ቀኑ ገደማ በግማሽ ወረደ። በርሜል ከታች እያፈሰሰ ውሃው ካልጎደለ ከላይ የሚሞላው አለ፤ ፍሳሹ ስንት እንደሆነ የሚታወቀው ቧንቧው ሲዘጋ ነው። ሆ ቧንቧውን ዘጋ። ሒሳቡ ሲሠራ በአንድ ሰው ገላ ውስጥ በየቀኑ መቶ ሚሊዮኖች፣ ምናልባትም ቢሊዮኖች ቫይረስ ይወለዳሉ፣ ያንኑ ያህል ይሞታሉ። ለእኔ ከመድኃኒቱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ስሌት ነው።

ይህን ያህል የሚባዛ፣ ሲገለበጥም የሚሳሳት ቫይረስ አንድን መድኃኒት የሚያመልጥ ዘር አያጣም። ሦስት መድኃኒቶችን በአንድ ጊዜ ማምለጥ ግን ይከብደዋል። በ1996 ቫንኩቨር በተካሄደው ጉባኤ የሦስትዮሹ ሕክምና ውጤት ይፋ ሆነ። በአሜሪካ በተከታተሏቸው ሕመማቸው የጠና ሰዎች ዘንድ በ1995 ከመቶ 29 ገደማ የነበረው ዓመታዊ ሞት በ1997 አጋማሽ ወደ 9 ወረደ።

ለእኛ አገር ይህ ሁሉ ገና የሩቅ ወሬ ነበር። የዓመቱ ሕክምና ከአሥር ሺህ ዶላር በላይ ያስከፍል ነበር። በ2001 የህንዱ መድኃኒት አምራች ሲፕላ በ350 ዶላር አቀርባለሁ ሲል ነገሩ ተለወጠ፤ ኢትዮጵያ በ2003 በክፍያ ጀምራ በ2005 በነፃ ማደል ያዘች። ይሁን እንጂ ብዙዎች ወደ ሐኪም የሚመጡት አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ ስለነበር ሞቱ በሕክምናው የመጀመሪያ ወራት ይበረታ ነበር።

ቀድሞ መጀመር አይጠቅምም የሚለው ነገር እንደገና ተፈትኖ ውጤቱ በ2015 ወጣ። በ35 አገሮች ከአራት ሺህ በላይ ገና ጤነኛ የሚመስሉ ሰዎች ተሳተፉ፤ ወዲያው የጀመሩት በጠና የመታመም ወይም የመሞት ዕድላቸው ቆይተው ከጀመሩት ከግማሽ በታች ሆነ። ይህም ሙከራ ከቀኑ በፊት ቆመ፤ በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ገና ባይታመምም ሕክምና ይጀምር አለ።