ፋይሉን የያዘው ክፍል

ከገጠር ተመልምላ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትደርስ ወጣት ከስፌት መኪናው በፊት የምትተዋወቀው ከኤች አር ጋር ነው። ፎቶ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ ውል፣ ባጅ፤ ከዚያ በስሟ ፋይል ይከፈታል። ያረፈደችባት ደቂቃ፣ የተጻፈባት ማስጠንቀቂያ፣ የቀራት የዓመት ፈቃድ፣ ያመሸችበት ሰዓት ሁሉ እዚያ ይገባል። ፋይሉ ስለ እሷ ይናገራል፤ ቁልፉ ግን አሠሪዋ ዘንድ ነው።

ይህ ክፍል ቀድሞ ፐርሶኔል ይባል ነበር፤ ዛሬ በሩ ላይ የሚጻፈው «የሰው ሀብት አስተዳደር» የሚል ነው። ስሙ ቢያምርም ደመወዙን የሚከፍለው ድርጅቱ ነው። ሠራተኛዋ አለቃዬ በደለኝ ብትል አቤቱታዋን የሚቀበለው፣ የሚያጣራውና መዝገቡን የሚያስቀምጠው ይኸው ክፍል ነው። እሱ ራሱ ሲያጠፋስ?

ሐዋሳ ይህን ጥያቄ በትልቁ ያየች ከተማ ናት። አንድ የቻይና ተቋራጭ በ9 ወር ገደማ የገነባው ፓርክ የተመረቀው ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነበር። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ቢዝነስ ትምህርት ቤት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት በፓርኩ 25,000 ያህል ሠራተኞች ነበሩ፤ የመነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ነበር። ያንኑ ጥናት ካነበበ ሰው አእምሮ የማይጠፋው ሌላው ነገር ደግሞ ፋብሪካዎቹ በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ሠራተኛቸውን በሙሉ መተካታቸው ነው። እንዲህ ባለ ቤት ኤች አር አንዱን ቀጥሮ ሳይጨርስ ሌላውን ይሸኛል። በችኮላ መሐል ደግሞ የሚሳሳተውም፣ ሆን ብሎ የሚያዛባውም ብዙ ነው።

ይህን የሚገዛው ሕግ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ክብደቱ የሚታየው ፔሮል ላይ ነው። በወር 2,080 ብር የሚከፈላት አንዲት ሠራተኛ አለች እንበል። በሳምንት 48 ሰዓት ስትሠራ የወሩ 208 ሰዓት ይሆናል፤ አንዱ ሰዓት 10 ብር ማለት ነው። ከመደበኛው ሰዓት በላይ ከቆየች፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ለእያንዳንዱ ሰዓት 15 ብር፣ ከምሽቱ 4 በኋላ 17 ብር ከ50፣ በዕረፍት ቀኗ 20፣ በሕዝብ በዓል 25 ብር ይገባታል። ፔሮል ሠሪው ትርፍ ሰዓቱን በመደበኛው 10 ብር ቢመታው ከያንዳንዱ ሰዓት 5 ብር ይጎድላል። ሕጉ የሚፈቅደው የትርፍ ሰዓት ጣሪያ በሳምንት 12 ስለሆነ በ4 ሳምንት 240 ብር፣ የ3 ቀን ደመወዝ፣ ድምፅ ሳያሰማ ሄደ ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ የሚታየው አንድ ድምር ብቻ ከሆነ እሷ በምን ታውቃለች?

ይህን ለማየት ሥልጣን ያለው ዐይን የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው ነው። በሥራ ሰዓት፣ አስቀድሞ ሳያሳውቅ ፋብሪካ ይገባል፤ ፋይልና መዝገብ ያገላብጣል፤ ኮፒ ይወስዳል፤ ሠራተኛውን ለብቻው ያነጋግራል። ጥቆማ ደርሶት የመጣ እንደሆነ ደግሞ ጠቋሚውን መግለጽ ቀርቶ በጥቆማ መምጣቱን እንኳ ለአሠሪው ፍንጭ መስጠት ተከልክሏል። በአዋጁ ውስጥ ካሉት ድንጋጌዎች ሁሉ ብልህነት ያለው ይህ ይመስላል፤ ያለ እሱ ማንም አፉን አይከፍትም።

ሌላው ዐይን የገዢው ነው። የውጭ ብራንዶች ኦዲተር ልከው ውል፣ ዕድሜ፣ ፔሮልና የእሳት መውጫ ያስፈትሻሉ። የዚህ ዐይን ችግር ብዙውን ጊዜ የሚያነበው ኤች አር ያዘጋጀውን ወረቀት መሆኑ ነው። በፓኪስታኗ ካራቺ ከተማ ከ250 በላይ ሠራተኞች በእሳት ያለቁበት የልብስ ፋብሪካ ዓለም አቀፍ የማኅበራዊ ኃላፊነት ምስክር ወረቀት ካገኘ ገና ሳምንታት ብቻ ሆኖት ነበር። ቀኑ እኛ አዲሱን ዓመት 2005ን የተቀበልንበት መስከረም 1 ነበር። የገዢው ዐይን ከትእዛዙ ጋርም ይሄዳል፤ የሐዋሳው ፓርክ ዋና ባለሀብት የነበረው ፒ ቪ ኤች ኅዳር 2014 ዓ.ም. ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ፣ ኢትዮጵያም በቀጣዩ ወር ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ዕድል (ከአጎዋ) ስትሰረዝ፣ የአሜሪካ ገዢዎች ጥያቄም አብሮ ሳሳ።

ከወረቀት ውጭ የሚገኘውን ለማየት መቀመጫውን ዋሽንግተን ያደረገ፣ የሠራተኞችን መብት የሚከታተል ድርጅት መጥቀስ ይቻላል። በኢትዮጵያ 4 የልብስ ፋብሪካዎች ያሉ ሠራተኞችን ከግቢ ውጭ አነጋግሮ በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ አመልካች ሴቶች እርጉዝ መሆናቸውን ለማወቅ ሆዳቸው ሲዳሰስ እንደነበር ጽፏል። የዚህ ዓይነት ነገር በየትኛውም ፋይል አይመዘገብም። ከተቀጠረች በኋላ ግን አዋጁ እርጉዝ ሠራተኛ በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ ባሉት 4 ወራት እንዳትባረር ይከለክላል።

ሦስተኛው ዐይን ከውስጥ ነው። ከ10 ሠራተኛ ጀምሮ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፤ ማኅበር ባለበት ቤት ኤች አር ማስጠንቀቂያ ሲጽፍ ሌላ አንባቢ እንዳለው ያውቃል። ሠራተኛው በዓመት አንዴ ሙሉ በሙሉ የሚቀያየርበት ፋብሪካ ግን አሥር ሰው ተዋውቆ ሳይጨርስ ይበተናል።

ሐዋሳ ውስጥም ሆነ ሌላ ቦታ ከኤች አር ጋር የተጣላ ሰው የደመወዝ ወረቀቱን፣ የውሉን ኮፒና የተጻፈለትን ደብዳቤ ሁሉ ቤቱ ያስቀምጥ። ስንብቱ በጽሑፍ፣ ምክንያቱ ተገልጾ ሊሰጠው ይገባል፤ የሥራ ልምድ ማስረጃውም ያለ ክፍያ። ያለ አግባብ ተሰናብቼአለሁ፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ለሠራተኛ ክስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።